የእንግሊዝ ኳስ ስሙ ነው ወይስ ኳሱ? ከአምስቱ የአውሮፓ ትልልቅ ሊጎች የትኛውን ብታዩ ያዋጣችኋል

ሰፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ሁለት ቴሌቪዥን አለው፣ ትልቁ ላይ ሁሌ እንግሊዝ ነው፣ ጥግ ላይ ያለችዋ ትንሿ ላይ ደሞ ባለቤቱ የመጣለትን ይከፍታል። አንድ ቅዳሜ ትልቁ ላይ ሰንጠረዡ መሃል ያሉ ሁለት ቲሞች ዜሮ ለዜሮ ሲገፋፉ ቤቱ ሙሉ ሰው አፉን ከፍቶ ያያል፣ ትንሿ ላይ የጀርመን ጨዋታ አምስተኛ ጎል ገብቶ አንድ ሽማግሌ ብቻ በርጩማቸውን ወደዛ አዙረው ለብቻቸው ይስቃሉ። ምን ያስቅዎታል አባባ ስላቸው "እናንተው ናችሁ፣ ከፍላችሁ ታዛጋላችሁ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው እኮ።

ከዛ ቀን ጀምሮ ነው ይሄ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው። የእንግሊዝን ሊግ የምናየው ምርጥ ስለሆነ ነው ወይስ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ሆኖብን ነው? ቀድሜ ልናገር፣ እኔ የማንቼ (ማንቸስተር ዩናይትድ) ደጋፊ ነኝ፣ ስለዚህ እንግሊዝን የምጠላበት ምክንያት የለኝም፣ ከማንም በላይ ያቃጠለኝ ግን ራሱ ማንቼ ነው። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ የምቆጥረውም እስከ 2024/25 ሲዝን መጨረሻ ድረስ ነው።

መጀመሪያ ጭቅጭቁን እንለየው

ሰው "የእንግሊዝ ኳስ ተጋኗል" ሲል ሦስት የተለያየ ነገር ነው አንድ ላይ የሚያቦካው። አንዱ ክለቦቹ ከሌላው አውሮፓ ይበልጣሉ ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ሊጉ እንደ ሊግ ከላይ እስከ ታች ይበልጣል ወይ ነው። ሦስተኛው ደሞ ቁጭ ብሎ ለማየት ይጥማል ወይ ነው፣ እና እነዚህ መልሳቸው አንድ አይደለም። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ሰው ጉሮሮው እስኪነቃ የሚጮኸው አንዱ ስለ አንደኛው ሲያወራ ሌላው ስለ ሦስተኛው ስለሚመልስለት ነው።

ዋንጫ እንቁጠር ካላችሁ

በሻምፒዮንስ ሊግ (ድሮ የአውሮፓ ዋንጫ በነበረበት ጊዜ ያለውንም ጨምሮ) ስፔን 20፣ እንግሊዝ 15፣ ጣልያን 12፣ ጀርመን 8 አላቸው። ከስፔኑ 20 ውስጥ 15ቱ የሪያል ማድሪድ ብቻ ነው፣ የቀሩት 5 የባርሳ (ባርሴሎና)። የእንግሊዙ 15 ግን ለስድስት ክለብ ነው የተከፋፈለው፣ ሊቨርፑል 6፣ ማንቼ 3፣ ኖቲንግሃም ፎረስት 2፣ ቼልሲ 2፣ አስቶን ቪላና ማንቸስተር ሲቲ አንዳንድ። ፎረስት ሁለት ጊዜ በልቶታል ሲባል የማያምን ልጅ አጋጥሞኛል፣ 1979 እና 1980 ነው፣ ሄዶ አይቶ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀኝ።

አሁን ጉዱን ስሙ። ከ2014 እስከ 2025 ያሉትን 12 ዋንጫዎች ብትቆጥሩ ስፔን 7፣ እንግሊዝ 3፣ ጀርመን 1፣ ፈረንሳይ 1 ነው፣ "እንግሊዝ ወሬ ብቻ ነው" ማለት ትችላላችሁ። ግን መቁጠር ከ2019 ብትጀምሩ ደሞ እንግሊዝ 3፣ ስፔን 2 ይሆናል፣ "እንግሊዝ ነግሷል" ማለትም ትችላላችሁ። ሰውየው ከየት መቁጠር እንደጀመረ ካያችሁ የማን ደጋፊ እንደሆነ ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ።

ለኔ ከዋንጫው ይልቅ የሚናገረው ፍጻሜ የደረሰው ነው። ከ2018 እስከ 2025 ስምንት ፍጻሜ ተደርጓል፣ 16 ቦታ ማለት ነው፣ ከዛ ውስጥ እንግሊዝ 7 ቦታ ይዟል፣ ስፔን 3፣ ጣልያን ጀርመንና ፈረንሳይ ሁለት ሁለት። የእንግሊዙ 7 አራት የተለያየ ክለብ ነው፣ ሊቨርፑል፣ ቶተንሃም፣ ቼልሲ፣ ሲቲ። የስፔኑ 3 ግን ሦስቱም ማድሪድ ነው። ስለዚህ "ላሊጋ (የስፔን ሊግ) ይበልጣል" የሚለው ሰው ልብ ብላችሁ ስሙት፣ ብዙ ጊዜ ማለት የፈለገው "ማድሪድ ይበልጣል" ነው፣ እሱን ደሞ ማን ይከራከራል።

ሁለት ማታ

አንደኛው ግንቦት 2022 ነው፣ ሲቲ በመጀመሪያው ጨዋታ 4 ለ 3 አሸንፎ ማድሪድ ሜዳ ሄደ፣ ማህሬዝ አግብቶ በደርሶ መልስ 5 ለ 3 እየመሩ ሰዓቱ 89 ደቂቃ ሆነ። አጠገቤ የነበረው ልጅ ሒሳብ ከፍሎ ጃኬቱን ለብሶ በሩ ጋ ደርሷል። ሮድሪጎ አንድ አገባ፣ ልጁ ቆሞ ዞረ፣ ሳይቀመጥ ሮድሪጎ ሁለተኛውን በጭንቅላት ደገመው፣ ጭማሪ ሰዓት ላይ ቤንዜማ ፔናሊቲ መታና አለቀ፣ 6 ለ 5። ልጁ ሙሉውን ጭማሪ ሰዓት ጃኬቱን ለብሶ በሩ ጋ እንደቆመ ነው ያየው። በዛ ሲዝን ማድሪድ ቼልሲን፣ ሲቲን፣ ፍጻሜ ላይ ደሞ ሊቨርፑልን ነው የጣለው፣ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 3ኛ፣ 1ኛና 2ኛ የወጡትን ማለት ነው።

እሱ አንድ ጊዜ ነው እንዳትሉ በ2024/25 የፈረንሳዩ ፒኤስጂ ደገመው። ሲቲን 2 ለ 0 ከመመራት ተነስቶ 4 ለ 2፣ ሊቨርፑልን አንፊልድ ላይ በፔናሊቲ፣ ቪላን፣ ከዛ አርሰናልን በሜዳውም ከሜዳው ውጭም። ሊቨርፑል ሻምፒዮን ነበር፣ አርሰናል 2ኛ፣ ሲቲ 3ኛ። በሦስት ዓመት ልዩነት የእንግሊዝ አንድ ሁለት ሦስት በአንድ ክለብ ሁለቴ ተጠረገ፣ ከዛ ፒኤስጂ ኢንተርን ፍጻሜ ላይ 5 ለ 0 አደረገው። ይሄን ይዞ ጫፍ ላይ ያለው ኳስ እንግሊዝ ነው ማለት ይከብዳል።

ግን ሁለተኛውም ማታ አለ። የዛው ዓመት ዩሮፓ ሊግ (ከሻምፒዮንስ ሊግ ቀጥሎ ያለው ዋንጫ) ግማሽ ፍጻሜ፣ አትሌቲክ ቢልባኦ ከማንቼ። ፍጻሜው የሚደረገው እዛው ቢልባኦ ሳን ማሜስ ስለነበር ከተማው ሙሉ ለራሱ ድግስ ደግሶ ነው የጠበቀው። አትሌቲክ ላሊጋ ላይ 4ኛ የወጣ ቲም ነው፣ የኔ ጉደኛ ቲም እንግሊዝ ውስጥ 15ኛ። ቪቪያን ቀይ ካርድ አየ፣ ማንቼ እዛው ሜዳቸው 3 ለ 0፣ በመልሱ 4 ለ 1፣ በድምሩ 7 ለ 1። እንዳትቀልዱ፣ የስፔን 4ኛ በእንግሊዝ 15ኛ ሰባት ገባበት። ከዛ ፍጻሜው ላይ ማንቼን ማን አሸነፈው? ቶተንሃም፣ ሊጉ ላይ 22 ጨዋታ ተሸንፎ 17ኛ የወጣው፣ ከወራጅ ቀጠና አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ። እኔ ያን ቀን እራቴን አልበላሁም፣ ግን እንደ ማስረጃ ከወሰድነው የእንግሊዝን ሊግ ውፍረት እንደዚህ የሚያሳይ ነገር የለም።

ፒኤስጂም ቢሆን ሐምሌ 2025 የክለቦች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ቼልሲ 3 ለ 0 አድርጎታል፣ እንግሊዝ ውስጥ 4ኛ የወጣው ቼልሲ። ጨዋታው እንዲህ ነው፣ አንዱን ማታ ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው ጋ ጊዜ አታባክኑ።

ያልተጋነነው መሃሉ ነው፣ የተጋነነው ወሬው

ገንዘቡን እዩት። በ2025/26 የጀመረው የእንግሊዝ የሀገር ውስጥ ብቻ የቲቪ ውል ለአራት ዓመት 6.7 ቢሊዮን ፓውንድ ነው። ሸፊልድ ዩናይትድ በ2023/24 የመጨረሻ ወጥቶ፣ 16 ነጥብ ይዞ፣ 104 ጎል ገብቶበት፣ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከሊጉ ተከፍሎታል። መውደቂያው እንዲህ ከሆነ መውጫውን አስቡት። በዚህ ብር ነው እንግሊዝ ውስጥ 12ኛ የወጣ ቲም ከጣልያን ወይ ከስፔን ጥሩ ጥሩውን ልጅ ነቅሎ የሚያመጣው፣ ስለዚህ መሃል ለመሃል ብናጋጥማቸው እንግሊዝ ያሸንፋል፣ እዚህ ላይ አልከራከርም።

የሚያናድደኝ ሌላው ወሬ ነው፣ "እንግሊዝ ውስጥ ማንም ማንንም ያሸንፋል፣ ሌላው ሊግ የአንድ ቲም ነው" የሚለው። ሲቲ ከ2018 እስከ 2024 ከሰባት ዋንጫ ስድስቱን ወስዷል፣ አራቱን በተከታታይ። በ2023/24 ከታችኛው ሊግ ያደጉት ሦስቱም ወረዱ፣ በ2024/25 ያደጉት ሦስቱም ደሞ ወረዱ፣ ሳውዝሃምፕተን 12 ነጥብ ይዞ። ሌስተር 2016 የበላው ተአምር ነው፣ ግን እስከ መቼ በሌስተር እንኖራለን፣ የአንድ ዓመት ሰርግ እኮ ነው።

"የእንግሊዝ" ኳስ የሚለውም ራሱ ያስቀኛል። ፕሪሚየር ሊጉ 1992 ከተጀመረ ወዲህ አንድም እንግሊዛዊ አሰልጣኝ አልበላውም፣ ፈርጉሰን ስኮትላንዳዊ ነው፣ ቬንገር ፈረንሳዊ፣ ሞሪንሆ፣ አንቼሎቲ፣ ራኒየሪ፣ ጋርዲዮላ፣ ክሎፕ፣ ስሎት፣ እናንተው ቀጥሉ። ባሎንዶርም (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) ብትሉ ከ2008ቱ ሮናልዶ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ እየተጫወተ የወሰደ ሰው ለማየት 2024 ሮድሪ እስኪመጣ ጠብቀናል።

ለእንግሊዝ ፍትህ ለመስጠት ግን አንድ ነገር አለ። 38 ጨዋታ፣ ከዛ ሁለት የሀገር ውስጥ ዋንጫ፣ የገና ሰሞን ከሌላው አብዛኛው ሲያርፍ እነሱ በሦስት ቀን አንዴ ሜዳ ላይ ናቸው። ጀርመንና ፈረንሳይ 18 ቲም፣ 34 ጨዋታ ነው ያላቸው። ሚያዝያ ላይ የእንግሊዙ ቲም እግሩን እየጎተተ የሚመጣው ለዚህ ነው፣ ሰበብ ቢመስልም እውነት አለው።

ታዲያ የቱን እንይ

ላሊጋ። አንድ ሰው ኳስ ይዞ ምን ማድረግ እንደሚችል ማየት የምትወዱ ከሆነ እዚህ ነው ቦታችሁ። በ2024/25 ባርሳ ማድሪድን አራት ጊዜ አግኝቶ አራቱንም አሸንፎታል፣ 4 ለ 0፣ 5 ለ 2፣ 3 ለ 2፣ 4 ለ 3፣ እነዚህን አራት ጨዋታ ብቻ ያየ ሰው የዓመት ሙሉ ኳስ አይቷል። የባርሳውን የላሚን ያማልን ስም ደሞ በአማርኛ እንዳለ ውሰዱት፣ የግራ ተከላካይ ሆኖ ለገጠመው ያማል። ችግሩ ዋንጫው ነው፣ ከቫሌንሲያ 2004 ወዲህ ከማድሪድ ባርሳና አትሌቲኮ ውጭ የበላ የለም፣ ሌላው ቲም ከሌላው ቲም ሲጫወት አንዳንዴ እንቅልፍ ነው። ሰዓቱም ይከብዳል፣ ትልልቁ ጨዋታ እዚህ ማታ 4 ሰዓት፣ እነሱ ሰዓት ሲቀይሩ ደሞ 5 ሰዓት ይሆናል፣ ታክሲ የለ ምን የለ።

ሴሪ አ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በጣም የተናቀ ሊግ ነው። "ጣልያን መከላከል ብቻ ነው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጨረሻ ያየው ጨዋታ የሃያ ዓመት ነው ማለት ነው። ዩቬ (ዩቬንቱስ) ዘጠኝ ተከታታይ ዋንጫ ከበላ በኋላ ነገሩ ተከፈተ፣ ኢንተር 2021፣ ሚላን 2022፣ ናፖሊ 2023፣ ኢንተር 2024፣ ናፖሊ 2025። የመጨረሻው በአንድ ነጥብ ነው ያለቀው፣ 82 ለ 81፣ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ አልታወቀም። እና ዋንጫውን ያመጣው ማነው? ማክቶሚናይ! ማንቼ አያስፈልገንም ብሎ የሸጠው ልጅ፣ እኔ ራሴ ይሂድ ብዬ የፈረምኩበት። ናፖሊ ሄዶ የመጨረሻው ቀን ካግሊያሪ ላይ በመቀስ ምት አገባ፣ የሊጉ ኮከብ ተብሎ ተመረጠ። የማንቼ ደጋፊ ሆናችሁ ይሄን ስታዩ የሚሰማችሁን ስሜት የተፋታ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ሊጉ ቀላል ስለሆነ ነው ትሉ ይሆናል፣ በከፊል ልክ ናችሁ፣ ግን ጨዋታው ዘገም ብሎ ስለሚሄድ የሚያስብ አማካይ ኳስ ይዞ ሁለት ሰከንድ ያገኛል፣ እንግሊዝ ውስጥ ያቺን ሁለት ሰከንድ የሚሰጥህ የለም።

የጣልያን ድክመት አውሮፓ ላይ ነው፣ ከኢንተር 2010 ወዲህ ሻምፒዮንስ ሊግ አልበሉም፣ በ2023 በሦስቱም የአውሮፓ ውድድር ፍጻሜ ደርሰው ሦስቱንም ተሸነፉ። ግን የ2025ቱን ኢንተርና ባርሳ ያየ ሰው ምን ይላል? 3 ለ 3፣ ከዛ ሳን ሲሮ ላይ ባርሳ 87ኛ ደቂቃ ራፊንያ አግብቶ ያለቀ መስሎ አቼርቢ፣ የ37 ዓመት ተከላካይ፣ በባከነ ሰዓት አጥቂ ሆኖ ሄዶ በማይመታበት በቀኝ እግሩ አገባው። የቤቱ ባለቤት ልዝጋ ብሎ ቁልፉን ይዞ ቆሞ ነበር፣ ቁልፉን ወርውሮ ከማያውቀው ሰው ጋር ተቃቀፈ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው የወጣነው።

ቡንደስሊጋ (ጀርመን)። ጎል ከፈለጋችሁ ሌላ ቦታ አትሂዱ፣ በአማካይ በጨዋታ ከሦስት በላይ ይገባል። ባየርን 11 ተከታታይ በልቷል የሚለው ክስ እውነት ነው፣ ግን በ2023/24 ሌቨርኩሰን 34 ጨዋታ አንድም ሳይሸነፍ በላው፣ 28 አሸንፎ 6 አቻ። ሜዳው ላይ ያለው ድባብ ደሞ ሌላ ነው፣ ክለቡ ላይ አብዛኛው ድምጽ የአባላቱ መሆን አለበት የሚል ሕግ ስላላቸው ደጋፊው ባለቤት ነው፣ ዶርትሙንድ አንድ በኩል ብቻ 25 ሺህ ሰው ቆሞ ይዘምራል። ጀርመን ያላችሁ ዘመዶቻችን የቆመ ቲኬት ካገኛችሁ አንዴ ግቡ፣ ለንደን ውስጥ በዛ ዋጋ የሚያስገባችሁ የለም። ድክመቱ ጥሩ ልጅ ሲወጣ አንድም ባየርን አንድም እንግሊዝ ይወስደዋል፣ የሌቨርኩሰኑን ዊርትዝን እዩ፣ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆኖ ሊቨርፑል ገባ።

ሊግ 1 (ፈረንሳይ)። አጭር ነው፣ ፒኤስጂን እዩ፣ ከ2013 ወዲህ ከ13 ዋንጫ 11ዱን በልቷል። ነገ እንግሊዝ የሚገዛውን ልጅ ዛሬ በነጻ ለማየት ካልሆነ ሌላውን ግድ አይደለም።

እንግሊዝ። ወደ ቤት ስንመለስ። ትልቁ ጥቅሙ ሰዓቱ ነው፣ ይሄን ማንም አያወራውም። የቅዳሜው ጨዋታ እዚህ 11 ሰዓት ወይ 12 ሰዓት ላይ ነው፣ ሥራ ተፈቷል፣ ገና አልመሸም፣ ታክሲ አለ። አሜሪካ ያላችሁ ደሞ ቅዳሜ ጠዋት ከቡና ጋር። ሁለተኛው ወሬው ነው፣ ሰኞ ቢሮ ገብታችሁ ስለ አታላንታ ብታወሩ ማን ይሰማችኋል፣ ስለ አርሰናል ግን ጥበቃውም ያወራችኋል። ሦስተኛው ፍጥነቱ ነው፣ መጥፎ ጨዋታ እንኳ ሲሮጥ ጥሩ ይመስላል። ትኬት ለምትቆርጡ ልጆች አንድ ምክር፣ እንግሊዝን ከቤቲንጉ አውጡት፣ እዛ ሊግ ላይ ስንት ሰው ብሩን ቀብሯል።

እኔ እንዴት እንደምመርጥ

ሳምንት ላይ አንድ ጨዋታ ብቻ የምታዩ ከሆነ የራሳችሁን ቲም እዩ፣ እዚህ ላይ ምክር አያስፈልግም። ሁለት የምታዩ ከሆነ ሁለተኛው ከእንግሊዝ አይሁን። ትልልቆቹ ስድስቱ (ሊቨርፑል፣ ማንቼ፣ ሲቲ፣ አርሰናል፣ ቼልሲና ቶተንሃም) እርስ በርስ ሲገናኙ ሁሉን ጥላችሁ እዩ፣ እሱ ለከፈላችሁት ያዋጣል። ግን የእንግሊዝ 9ኛ ከ14ኛ ሲጫወት ክለባችሁ ካልሆነ በቀር እዛ ሰዓት ላይ ጀርመን አለ፣ 10 ሰዓት ተኩል ወይ 11 ሰዓት ተኩል ይጀምራል፣ ለማየት ድፍረት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሰኔ ሳይደርስ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ዋንጫው እንግሊዝ ውስጥ ካለቀ (ብዙ ጊዜ ያልቃል) ወደ ጣልያን ዙሩ። ማክሰኞና ረቡዕ ማታ ሻምፒዮንስ ሊግ ሲኖር ደሞ የስፔን ቲም ያለበትን።

እኔ ማንቼ ሲኖር ትልቁ ቴሌቪዥን ፊት ነኝ፣ እየተቃጠልኩም ቢሆን። ሌላ ቅዳሜ ግን ማኪያቶዬን ይዤ ወደ ጥጓ እሄዳለሁ፣ አባባ ሁለተኛ በርጩማ አስቀምጠው ይጠብቁኛል፣ ባለፈው ሳምንት ደሞ ሦስተኛ ሰው መጥቶ ቦታ ጠበበን።